ወተቱን የጠጡት እንግዶች

ፈረንጅ ዛፍ ለማየት ገንዘብ ይከፍላል ብሎ ገበሬ ማሳመን ያስቸግራል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ሞክሬዋለሁ፤ ምንም አያስቸግርም። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ደን ውስጥ ይኖሩ ለነበሩት ሽማግሌ ነገሩን ባጫወትኳቸው ዕለት ጺማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝና፣ «ምን ይገርማል? እኔስ ከገበያ ስመለስ ደኑ ብቅ ሲልልኝ ድካሜ ይለቀኝ የለም ወይ! አላህ ያልሰጠው ሰው ቢከፍልበት እውነቱን ነው» አሉኝ። ያስቸገረኝ ኃላፊዬን ማሳመን ነበር።

ያኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የደን መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ይበሉኝ እንጂ የማልሠራው ሥራ አልነበረም። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀሰምኩት እንግሊዝኛ ስለነበረኝ ከውጭ የመጣውን ደብዳቤ እተረጉማለሁ፣ ወደ ውጭ የሚሄደውን እጽፋለሁ፣ ፈረንጅ ሲመጣ አብሬ መስክ እወጣለሁ፣ በውይይት ክበብ ቀን ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። እንዲህ ተፈላጊ ሆኜም ቢሆን ጀርባዬ ንጹሕ አልነበረም። ቤተሰቦቼ «ጴንጤ» የሚባሉ ናቸው። የምንጸልይበትን አዳራሽ ቀበሌው ወስዶ መሰብሰቢያ አድርጎታል፤ አባቴም ወራት ታስሮ ጥርሱን አጥቶ ወጥቷል። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ እንድኖር እናቴ በየጠዋቱ ትመክረኝ ነበር። አንገት መድፋት ግን ተፈጥሮዬ አይደለም፤ ምክሩን የምሰማው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር።

ደኑን ልንገራችሁ። ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ የሚወርድ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው የተላጨ ተራራ ነው። ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዋና ከነአውሮፕላን ማረፊያዋ ከታች ብቅ ስትል ግን ከበላይዋ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ተጋድሞ ይታያል። ጽድ ነው፣ ወይራ ነው፣ ዝግባ ነው። ጉሬዛ አለበት፣ ድኩላ አለበት፣ በበጋ የማይነጥፍ ምንጭ አለው። ሌላው ሁሉ ተመንጥሮ ይህ የቀረው መንግሥት ጠብቆት አይደለም። ውስጡ ሃያ ሦስት አባወራ ይኖር ነበር፤ የእነዚህ ሰዎች ደንብ ደግሞ እርጥብ እንጨት አይቆረጥም የሚል ነው። ጎጆ የሚቀልስ ሰው እንኳን ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ፣ ዱዓ ተደርጎለት፣ የትኛው ዛፍ እንደሚወድቅ ተነግሮት ነበር መጥረቢያ የሚያነሳው። ያለ ፈቃድ የቆረጠ ሰው ልቅሶው ላይ እንኳን ሰው አይደርስለትም።

ጣጣው የመጣው ከላይ ነው። ደኑ ይከለላል የሚል መመሪያ ወረደ። ይከለላል ማለት ሰዎቹ ይወጣሉ ማለት ነው፤ ወዴት እንደሚወጡ መመሪያው አይልም። እኔ ደግሞ ለደን ቆጠራ በወጣን ቁጥር እኚያን ሽማግሌ እየወደድኳቸው መጥቼ ነበር። አንድ ቀን ምንጩ አጠገብ ተቀምጠን፣ «ልጄ፣ ያስነሷችኋል የሚሉን እውነት ነው? እኔ እንኳን አንድ እግሬ መቃብር ነው፤ ልጄና ምራቴ የልጅ ልጆቼም የት ይገባሉ ብዬ ነው» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ማን ነኝና፣ «የለም አባባ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካዎትም» አልኳቸው። አፌ መቼም አያርፍም።

ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ነው መላ ፍለጋ የገባሁት። ከአንድ የውጭ ድርጅት ከመጣ ደብዳቤ ጋር የተላከ መጽሔት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። በሩቅ አገር፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የማይለየው ትልቅ ደን ባለበት፣ ጎብኚ እየከፈለ እንደሚገባና በዚያ ገንዘብ የደኑ ኗሪዎች ራሳቸው ጠባቂና መሪ ሆነው እንደሚተዳደሩ ይተርካል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የኛ ደን ከዚያ ጋር ሲወዳደር የጓሮ ቁጥቋጦ ነው። ቢሆንም ወደ ላሊበላ የሚሄድ ፈረንጅ ደሴ ያድራል። ጉም ሲይዝ አውሮፕላን አይነሳምና ኮምቦልቻ ተጎልቶ ይውላል። ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሲሚንቶ ጭነት ከሚቆጥር ሁለት ብር ከፍሎ ጉሬዛ ቢያይ ማን ይጎዳል? ገንዘቡ ለሃያ ሦስቱ አባወራ የጥበቃ ደሞዝ ይሆናል፤ ሲተርፍ ሴቶቹ ኮምቦልቻ ድረስ እህል ተሸክመው እንዳይወርዱ ወፍጮ ይገዛል። ሰዎቹ ከወጡ ጠባቂ የለም፤ ጠባቂ ከሌለ ደኑ የለም። ይህንን ሁሉ በጽሕፈት መኪና አሳምሬ ጻፍኩትና ለኃላፊዬ አቀረብኩ።

«ኢምፔሪያሊስት እዚህ ድረስ መጥቶ ዝንጀሮ እያየ እንዲዝናና ነው የምትፈልጊው፣ ጓድ?» አለኝ።

«ጉሬዛ ነው» አልኩት። «የውጭ ምንዛሪም ያመጣል።»

ምንዛሪ የምትለዋን ቃል ሲሰማ መነጽሩን አደረገ። ደብዳቤው በእሱ ፊርማ ሄደ። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ድርጅቱ ሐሳቡን ወዶታል፤ ገንዘብ የሚሰጠው ግን ኗሪዎቹ ጎብኚን ራሳቸው ተቀብለው፣ ራሳቸው ዋጋ ጠይቀው ማስተዳደር መቻላቸውን በዓይኑ ካየ ነው። ሦስት ሰዎች ለሙከራ ሊጎበኙ ይመጣሉ ይላል።

ደስታዬን አልደብቅም፤ በሐረጎ ቁልቁለት መኪናዋ ውስጥ እየዘፈንኩ ነው የወረድኩት። ሾፌራችን የጴንጤ መዝሙር እንዳይሆን ብሎ ፈርቶ መስኮቱን ዘጋ። ደን ውስጥ ገብቼ ሽማግሌውን አሠለጠንኳቸው። ቲኬቱን በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ እኔ ፈረንጅ ሆኜ ከዳገቱ ሥር ተነስቼ እያለከለክሁ መጣሁ፤ ሁለት ብር ዘረጋሁ። ሳቁ፣ ተቀበሉኝ፣ ቲኬቱን ቀደዱልኝ። ደግመን ሠራነው። «ድግስ የለም፣ ማረድ የለም፤ መጀመሪያ ገንዘቡ፣ ከዚያ ቲኬቱ፣ ከዚያ ጉብኝቱ» አልኳቸው። «ይህ ነገር ካልተሳካ ያስነሷችኋል፤ ከተሳካ ግን ማንም አያስነሳችሁም።» አንድም አልቀረባቸውም፤ ሁሉን ተረድተውኛል። ይህን የምለው ኋላ ላይ «አልገባቸውም» ተብሎ ስለተጻፈባቸው ነው። ገብቷቸዋል።

እንግዶቹ የመጡት ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ናቸው፤ ዋናዋ እሷ ነች። ኃላፊዬም ካኪውን ለብሶ አብሮ ወጣ። መኪናዋ ከምትቆምበት እስከ ሽማግሌው ደጃፍ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ነው። ፈረንጇ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ደረሰች። ይህን ጊዜ የሽማግሌው ምራት ከቤት ወተት በቅል ይዛ ብቅ አለች። ወሎ ውስጥ ዳገት የወጣ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚጠጣው፤ እንኳን እንግዳ መንገደኛም ይጠጣል። ቅሉን ለፈረንጇ ዘረጋችላት። ፈረንጇ ግራ ገብቷት ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ወይም «ቆዪ፣ መጀመሪያ ክፈይ» ማለት። እኔ ግን የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሰው ሲጠማው እያየሁ ወተት መልሺ ማለት አንደበቴ አልቻለም። እንዲያውም በሰዎቼ ደግነት ኮራሁ። «ጠጪ፣ ጠጪ፣ ነውር ነው አለመጠጣት» ብዬ በእንግሊዝኛ ያጣደፍኳት እኔው ራሴ ነኝ። ጠጣች። ለሁለቱ አቀበለች፤ እነሱም ጠጡ። ኃላፊዬም ጠጣ።

ከዚያ ፈረንጇ አፏን ጠርጋ፣ እንደተነገራት ስድስት ብር አውጥታ ለሽማግሌው ዘረጋች። ሽማግሌው ቲኬቱን በግራ እጃቸው ይዘዋል። ብሩን አዩት። እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ጠጥተዋል እኮ» አሉኝ።

«ይቀበሏት፣ አባባ።»

«ወተቴን ጠጥተዋል። ሳይጠጡ ቢሆን እሺ።»

«የወተት ዋጋ አይደለም፤ የደኑ ነው!» አልኩ።

«እሱንስ አውቃለሁ። ሰው ግን እንደዚያ አይለውም። ለእንግዳ ወተት ሸጠ ይሉኛል። ልጆቼን ማን ያገባቸዋል? ወላሂ፣ ልቀበል ብልም እጄ አይዘረጋም።» እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለፈረንጇ አንገታቸውን ሰበር አደረጉላት።

ፈረንጇ ደግማ ዘረጋች። በሦስተኛው ኃላፊዬ ጣልቃ ገባ። ከሽማግሌው እጅ ቲኬቱን ላጥ አድርጎ ወሰደ፤ ብሩን ተቀበለ፤ ሦስት ቲኬት ቀዶ በፈገግታ አደላቸው። እንዲህ ቀልጣፋ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ሁለት ሰዓት ሙሉ ደኑን አስጎበኟቸው፤ ጉሬዛውን በፉጨት ጠርተው አሳዩአቸው፤ ሲለያዩም ለፈረንጇ የወይራ ምርኩዝ ሰጧት። እኔ ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ። ተናድጄባቸው ነበር፤ እውነቱን ልናገርና እንደዚያ ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም። ሃያ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቅል ወተት ይለወጣል?

ስንመለስ ፈረንጇ ምርኩዙን ጭኗ ላይ አጋድማ መኪናው ውስጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዴት ያሉ ንጹሕ ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «ገንዘብ እንዲያበላሻቸው ምክንያት መሆን አልፈልግም።» እንድተረጉም ኃላፊዬ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። ራሱን ነቀነቀና፣ «እውነቷን ነው» አለ።

ደብዳቤው የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የዚያን ዓመት ክረምት ክረምት ካላችሁት። ገንዘቡ ተፈቅዷል። ኗሪዎቹ ክፍያ የመሰብሰብ ዝግጁነት ስለሌላቸው ግን አስተዳደሩ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ይሆናል፤ አጥር ይታጠራል፤ የእንግዳ ማረፊያ ይሠራል፤ ዘበኛ ይቀጠራል፤ ደኑም ከሰውና ከከብት ነጻ ይደረጋል። ለኗሪዎቹ ሌላ ተስማሚ ቦታ እንዲፈለግ ደግሞ በትሕትና ይጠይቃል። የለመንኩት ሁሉ መጣ፤ የለመንኩላቸው ሰዎች ብቻ ጎደሉበት። ላም አለኝ በሰማይ ይሉ ነበር ድሮ፤ የኔ ላም ወረደችና ባለቤቶቿን ረገጠቻቸው።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ፣ «ደኑን የጠበቁት እኮ እነሱ ናቸው» አልኩት ኃላፊዬን። ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «የአባትሽ ፋይል የተዘጋ መስሎሽ ነው?» አለኝ። ወጣሁ። በማግስቱ የሃያ ሦስቱን አባወራ ዝርዝር ጠየቀኝ። ዝርዝሩ ነበረኝ፤ ደሞዝ ለሚያገኙት ብዬ ከነቤተሰብ ብዛታቸው፣ ከነዕድሜያቸው አሳምሬ የጻፍኩት ነው። ከላዩ «የፕሮጀክቱ ተጠቃሚዎች» ይላል። ርእሱን ብቻ ቀይሪ አለኝ። «ተነሺዎች» ብዬ ቀየርኩት። ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ አንዴ ወደ ደኑ ወጥቻለሁ። ሽማግሌው፣ «እንግዶቹ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «መልስ አልመጣም» አልኳቸው። «ሸጋ ሰዎች ናቸው፤ አይረሱንም» አሉኝ። ወተት አመጡልኝ። ጠጣሁት።

ቀጥሎ የሆነውን ወሎ ሁሉ ያውቀዋል፤ ረሃቡ ገባ። እሳት ካየው ምን ለየው እንዲሉ የተረፈው ሰውም የተረፈ አይመስልም ነበር። ኮምቦልቻ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞላች፤ ድንኳን ተተከለ፤ ጠዋት ጠዋት አስከሬን በቃሬዛ ያልፋል። የደኑ ሰዎች ግን ምንጫቸው አልነጠፈም፤ ጠውልገዋል እንጂ መጠለያ አልወረዱም። ሠፈራ የሚባለው ሲመጣ ከየአካባቢው ይህን ያህል ቤተሰብ ይላክ የሚል ትእዛዝ ወረደ። ሌላው መሥሪያ ቤት ስም ሲያሰባስብ ከረመ። የኛ ቢሮ ምን ችግር አለበት? ጥርት ያለ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ዕድሜ ሳይቀር የተጻፈበት ዝርዝር መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እንዴት እንደተወሰዱ ያጫወተኝ ሾፌራችን ነው። ስንዴ ይታደላል ተብለው ኮምቦልቻ ወርደው ከነጆንያቸው መኪና ላይ ተጫኑ። እኔ ያን ዕለት ቢሮ ነበርኩ። ስለ አጥር ሽቦ ግዢ ደብዳቤ እጽፍ ነበር።

የእንግዳ ማረፊያው ተሠርቶ አለቀ። ላሊበላ የሚሄድ ጎብኚ በዚያ ዘመን ከየት ይምጣ! የመጡልን እርዳታ የሚያድሉት ፈረንጆች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ መጠለያው ውስጥ ሕፃን ሲሞትባቸው ይሰነብቱና እሑድ መንፈሳቸውን ለማደስ ወደ ደኑ ይወጣሉ። ከፍለው ይገባሉ፤ አንድም ቀን አልተከራከሩም። ቲኬት የምቀድላቸው እኔ ነኝ። አንዳንዱ ጽድ ሥር ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፤ አልፈርድባቸውም፤ ጸጥታው ለዚያ ይመች ነበር። ዘበኞቹ ግን ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እርጥብ ጽድ እየቆረጡ ኮምቦልቻ ይሸጡ ነበር። ለኃላፊዬ ነገርኩት። እንጨት ለሰው ነው አለኝ።

አንድ ዓመት ከምናምን አለፈ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴን ጉም ሸፍኗት፣ ከእናቴ ቤት ወጥቼ የተከራየሁት ክፍል በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። አንድ ክስት ያሉ ሽማግሌ በባዶ እግራቸው ቆመዋል። ለማኝ መስለውኝ «እግዜር ይስጥዎ» ልል አፌን ስከፍት፣ «ልጄ» አሉኝ። በድምፃቸው ነው ያወቅኋቸው።

ከሠፈራው አምልጠው፣ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር ከሁለት ወር በላይ ተጉዘው ነው የመጡት። በሩ ላይ እንደቆሙ ነገሩኝ። የተወሰዱት ኢሉባቦር ነው። «ደን ነው፣ ልጄ። ደን ብልሽ የኛ ዓይነት እንዳይመስልሽ። ዝናቡ አያባራም፤ ዛፉ ሰማዩን ጋርዶታል። መጀመሪያ ሳየው አልሐምዱሊላህ አልኩ። በማግስቱ መጥረቢያ አደሉንና መንጥሩ አሉን።»

«መነጠሩ?» አልኩኝ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፍቶኝ።

«ምን ላድርግ? መነጠርኩ። ምራቴን ወባ ገደላት። ሁለቱን ልጆቿንም። ልጄ የት እንደገባ አላውቅም። ቤቴን መልሱልኝ አልልም። ከዘበኞቹ ጋር አስገቢኝ። ደሞዝም ይቅርብኝ። ያንን ደን እኮ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ አጥሩ ሥር ልደር። የምለምንሽ ይህንኑ ነው።»

ከግቢው ማዶ የአብዮት ጥበቃ የሆነ ጎረቤት አለኝ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከሠፈራ የጠፋ ሰው እየታደነ ይመለስ ነበር፤ ያስጠጋውም ይጠየቃል። አባቴ ትዝ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ይበልጥ ትዝ ያልኩኝ ራሴ ነኝ። ይግቡ አላልኳቸውም፤ አንድ እጄ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነበር።

«የዘበኛ ቅጥር ተዘግቷል፣ አባባ» አልኳቸው።

አልተዘጋም። ሁለት ቦታ ክፍት ነበር። ማስታወቂያውን በዚያው ሳምንት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ያወቁብኝ ይመስለኛል። «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺስ ምን ታደርጊ? በኔ ጦስ እንጀራሽን እንዳታጪ።» ቦሩ ሜዳ አንዲት የእህታቸው ልጅ እንዳለች፣ ካለች፣ ወደሷ እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ግማሽ ዳቦና ያለኝን ሳንቲም ሰጠኋቸው። ተቀብለው መረቁኝ።

ከዚያ ወዲያው አልሄዱም። እኛ አገር ሽማግሌ እንግዳ ሲነሳ ባለቤቱ ነጠላውን ጣል አድርጎ ቢያንስ እስከ መንገዱ ጥግ ይሸኛል፤ ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም። እሳቸውም ነጠላዬን እስካነሳ ነበር የሚጠብቁኝ። አላነሳሁም። መጋረጃውን እያየሁ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

«እንግዲህ ደህና ዋይ» አሉኝና ብቻቸውን ግቢውን አቋርጠው መራመድ ጀመሩ። የግቢው በር ላይ ሳይደርሱ የቤቴን በር ዘጋሁት።